ወፍ ዋሻ ላይ ጭስ ሲነሣ፦ የደን እሳትን ከጎን ይዞ ማጥፋት

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የሰሜን ሸዋ ደጋ ያምራል። ከኅዳር ጀምሮ ግን ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ውርጩ ሣሩን ይገድለዋል፣ የቀኑ ፀሐይ ያደርቀዋል። ጥር ሲገባ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሳይቀር ክብሪት የሚጠብቅ ይመስላል። በልግ ከዘገየማ እስከ ሚያዝያ ድረስ ጭስ ባየን ቁጥር ልባችን ድንግጥ ይላል።

የመጀመሪያዬን የደን እሳት ያየሁት ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ያገኘነውን ቅርንጫፍ ዘንጥለን ዳገቱን በሩጫ ወጣን። ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር። እሳቱ ከታች፣ እኛ ከላይ። አሁን ሳስበው በሕይወት የወረድነው ጎበዝ ስለሆንን አይደለም፣ ነፋሱ ስለዞረልን ነው። ማታ «በቃ ጠፋ» ብለን ቤታችን ገባን። በማግስቱ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከአንድ የኮሶ ጉቶ ተነሥቶ ከመጀመሪያው ቀን የባሰ በላ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ እሳት አይቻለሁ። ሰው የሚሳሳተው ሁሌም ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ሲገባና ሲወጣ። በየት በኩል እንደሚገባ አያይም፤ መቼ ወደ ቤት እንደሚሄድ አያውቅም። መሐሉ የጉልበት ሥራ ነው። ጉልበት ደግሞ አገሬው አያንሰውም።

1. ከመሮጥ በፊት አምስት ደቂቃ ቁሙ

ወፍ ዋሻ በአንኮበር፣ በበሶና ወራናና በጣርማ በር ወረዳዎች ላይ ያረፈ ደን ነው። ቦታው የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ነው። ሜዳ የሚባል ነገር የለውም፣ ወይ ዳገት ነው ወይ ገደል። ዝቅ ብሎ ዝግባ፣ ወይራና ጽድ አለ። ከፍ ሲል ኮሶና አሜጃ፣ ከዚያ አስታ፣ አናቱ ላይ ጅባራና የጓሳ ሣር። ሁሉም በየራሱ ጠባይ ይነድዳል።

የጓሳ ሣር ከሆነ እሳቱ ይሮጣል፣ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይያዛል። አስታ ሌላ ነገር ነው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንዱ ደረቅ ነው፣ እርጥብ መስሎም ይነድዳል፤ ነበልባሉ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል። የጽድ ልጥ ቃጫ ስለሆነ እሳት እንደ መሰላል ይወጣበታል። ትልልቆቹ ዛፎች ላይ እንደ ሽበት የተንጠለጠለው ነገር ደግሞ አንዴ ከተያያዘ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ከደኑ ዳር ባሕር ዛፍ ካለ የባሰ ነው፤ የተላጠ ልጡ እየበረረ ሌላ ቦታ እሳት ይተክላል።

እና ቁሙና እዩ። ጭሱ ወዴት ያዘነብላል? ከእሳቱ በላይ ምን አለ? ገበሬ ቤት፣ ገዳም፣ የተቀመጡ ከብቶች? ከበታቹስ? የጭሱ ቀለም ራሱ ይናገራል። ነጭ ከሆነ እርጥበት አለው፤ ጠቁሮ እየተጠቀለለ የሚወጣ ከሆነ እሳቱ ወፍራም ነገር አግኝቷል ማለት ነው፣ ራቁ።

እሳት እንደ በሬ ነው፤ ግንባር፣ ሁለት ጎንና ጅራት አለው። ግንባሩ ነፋሱና ዳገቱ ወደሚመሩት ይሄዳል። እኛ የምንሠራው በጅራቱና በጎኑ ነው። በግንባሩ ፊት መቆም ከበሬ ቀንድ ፊት መቆም ነው።

2. ሰው ጥሩ፣ ግን ሥራ አከፋፍሉ

ደወል፣ ጡሩንባ፣ እሪታ፣ ስልክ፣ ሁሉም ይሠራል። ለቀበሌው፣ ለወረዳው ግብርና፣ ለፖሊስ ወዲያው ደውሉ። ሎኬሽን በቴሌግራም መላክ ከቻላችሁ ላኩ፤ «ከትልቁ ዋርካ አለፍ ብሎ» ማለት ከደብረ ብርሃን ለሚመጣ ሰው ምንም አይነግረውም። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ አንድ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስልክ ይዞ ይቀመጥ። የዚህ ሰው ሥራ ሁለት ነው፦ መደወልና ነፋስ ማየት። ነፋሱ ሲዞር ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካ ከሌለ የከብት እረኛ ፉጨት ይበቃል፣ ሁሉም አስቀድሞ ከተስማማበት።

ከዚያ አዛዥ አንድ ብቻ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እንጣላለን። ሊቀ መንበሩም፣ ቄሱም፣ ሚሊሻውም፣ ከከተማ የመጣው ባለሙያም ያዛል። እኔ እንደማየው ከሁሉም የሚሻለው ደኑን በእግሩ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ የደን ጠባቂው ወይም ማር ቆራጩ ነው። ገደሉ የት እንዳለ በጭስ ውስጥ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

አሥር አሥር ሰው አድርጋችሁ ተከፋፈሉ። ስም ይጻፍ ወይም ይቆጠር። ሲወረድ እንደገና ይቆጠራል። ልጆችን ወደ እሳቱ አታስጠጉ፤ ውኃና በሶ ያመላልሱ።

አረቄ ይቅር። ብርዱ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ አረቄ ሳይቀምሱ ሌሊት ማደር ለአንዳንዱ ሰው ኃጢአት ነው። ግን ገደል አፋፍ ላይ፣ በጭስ ውስጥ፣ ገጀራ ይዞ? ይቅር።

3. ልብስና መሣሪያ

ጫማችሁን እዩ። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው ወደ እሳቱ አይጠጋ። ረመጥ ላይ ሲረገጥ ፕላስቲኩ ቀልጦ እግር ላይ ይጣበቃል፤ አብሮኝ የነበረ ልጅ ላይ አይቼዋለሁ፣ ጫማው ሲወልቅ ቆዳውም አብሮ ወጣ። የቆዳ ጫማ ያለው ፊት ይቅደም፣ ኮንጎ ያደረገው ውኃ ያመላልስ።

ናይለን ጃኬትና የስፖርት ቱታ አውልቁ። ጥጥና ሱፍ ይሻላል። የመንዝ ባና እዚህ ላይ ወርቅ ነው፤ የበግ ጠጉር ስለሆነ ቶሎ አይነድም። አፍንጫችሁን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ሸፍኑ። ብዙ ሰው ጨርቁን በውኃ ይነክራል፤ እሳት አጠገብ ግን ውኃው ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ፊትና ሳንባን ያቃጥላል። በጨርቅ ብቻም መርዛሙን ጋዝ ማስቀረት አይቻልም። ራስ ምታት የጀመረውን ሰው ወዲያው ከጭሱ አውጡት፣ «ትንሽ ነው» ቢልም አትስሙት።

መሣሪያ፦ መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ማጭድ። መጋዝ ካለ እሰየው። ለምለም ቅርንጫፍ ለሣር እሳት ይጠቅማል፤ ሲመቱበት ግን ወደ ላይ አታንሡት፣ ፍንጣሪው ወደ ኋላችሁ ይበራል። ቅርንጫፉን እሳቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ ወደ ተቃጠለው በኩል ጥረጉ።

የሰብል መድኃኒት መርጫ በጀርባ የሚሸከሙት ውኃ ለመርጨት ተመራጭ ነው። ግን በደንብ ይታጠብ፤ የፀረ አረም ትራፊ ያለበትን እሳት ላይ መርጨት መርዝ ማጨስ ነው። ውኃው ላይ ትንሽ ኦሞ ጨምሩበት። ሳሙና የነካው ውኃ በደረቅ ቅጠልና ብስባሽ ላይ አይንከባለልም፣ ይሰርጋል። ምንጭ አጠገብ ግን አታድርጉት።

አህያና በቅሎ ያለው ሰው ጄሪካን ይጫን። አንድ ሠራተኛ በሰዓት ወደ አንድ ሊትር ይጠጣል። እሱን ሳታስቡ የወሰዳችሁት ውኃ ሁሉ እሳት ላይ ካለቀ ሰው ይወድቃል።

4. ሰዓቱን ምረጡ

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ ሰው ካለ ይሄ ይሁንለት።

ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ዳገቱን ታሞቀዋለች። አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ እሳቱም አብሮት። ዳገት ላይ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣርና ቅጠል ቀድሞ ያደርቀዋል። ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ማንም ሰው ዳገት ላይ እሳትን ሮጦ አያመልጥም።

ማታ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ታች ይፈስሳል፣ እርጥበቱ ይጨምራል። ነበልባሉ ጎንበስ ይላል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ የእኛ ነው። ውርጭ የሚያንቀጠቅጠን ሰዓት እሳቱንም ያደክመዋል።

ስለዚህ እሳቱ ቀን 7 ሰዓት ላይ ከተነሣና ዳገት ላይ ከሆነ ሰው አትላኩበት። ቤቶችን አስለቅቁ፣ ከብት አውርዱ፣ መሣሪያ አሰባስቡ፣ ብሉ፣ ጥቂት ተኙ። ደኑ እየነደደ መተኛት ይከብዳል። ግን ደክሞት የደረሰ አንድ መቶ ሰው አርፎ የመጣውን ሠላሳ ሰው ያህል አይሠራም።

ሌሊት ስትሄዱ የእጅ ባትሪ የግድ ነው። አፋፉን የሚያውቅ ሰው ይምራ። ጨለማና ጭስ ሲደባለቁ ገደል አይታይም።

5. ከጅራቱ ጀምሩ

መነሻችሁ እሳት የማያልፍበት ቦታ ይሁን፦ መንገድ፣ ጅረት፣ ድንጋያማ ቦታ፣ ወይም የተቃጠለው ራሱ። ባዶ ሜዳ መሐል ከጀመራችሁ እሳቱ ከኋላችሁ ዞሮ ይከባችኋል። ከዚያ መነሻ ሁለት ቡድን በግራና በቀኝ ጎን ወደ ግንባሩ እየጠበበ ይሄዳል። እንደ መቀስ አስቡት።

እሳቱን መምታት ብቻውን አይበቃም፣ መብሉን ንሡት። ይህን የደን ባለሙያዎች ፋየር ብሬክ ይሉታል፤ እኛ የእሳት መቁረጫ እንበለው። አሠራሩ እንደ ደቦ ነው፣ አንዱ በሌላው ኋላ ተሰልፎ፣ በመሐላቸው ሦስት ሜትር ያህል ትተው።

ፊት ያሉት በገጀራና በመጥረቢያ ቁጥቋጦውን ይመነጥራሉ። ቀጥለው ዶማ የያዙት ሣሩንና ሥሩን ይነቅላሉ። ከኋላ ያሉት በአካፋ ብስባሹን እስከ ንጹሕ አፈር ድረስ ይጠርጉታል። የመጨረሻው ሰው ዝም ብሎ ያያል፤ የተረሳ ሥር፣ የተሻገረ ቅርንጫፍ ካለ ያነሣል። ይህ ሰው ሰነፍ መስሎ ይታያል፣ አትሳደቡት። ከሁሉም የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ስፋቱ ስንት ይሁን? አጠገቡ ያለው የሚነድ ነገር ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ቢያንስ። ጉልበት ለሚደርስ ሣር አንድ ሜትር ይበቃል። ሁለት ሜትር አስታ ከሆነ ሦስት ሜትር። ዳገት ወይም ነፋስ ካለ ጨምሩ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህሉ ባዶ አፈር መሆን አለበት፤ አፈር ስል ጣታችሁን ብትሰዱ ቅጠል የማይነካችሁ ማለቴ ነው። ወፍ ዋሻ ውስጥ የቅጠል ብስባሹ ጥልቅ ስለሆነ ይሄ አድካሚ ነው። ብስባሽ ላይ የተቆረጠ መስመር ግን የለም ማለት ነው፤ እሳቱ ከሥር ከሥር ተሳቦ ይሻገራል።

የነደደውን ነገር ወደ ተቃጠለው በኩል ጣሉ። ያልነደደውን ወደ ውጭ አርቁ። በግርግር ይህ ይገለበጣል፤ ሰው እጁ የመራውን ይወረውራል፣ ፍም ደግሞ ወደ ለምለሙ ይገባል።

መስመሩ ከእሳቱ በታች ዳገቱን ካቋረጠ ከጥርጊያ ይልቅ ቦይ ቆፍሩ፣ የወጣውን አፈር ደግሞ በታች በኩል ከምሩት። የነደደ ግንድና የጽድ ቅርንጫፍ ተንከባልሎ ሲመጣ ቦዩ ይይዘዋል። ያለዚያ ከእግራችሁ ሥር አልፎ ታች አዲስ እሳት ያስነሣል። ያኔ እናንተ በሁለት እሳት መሐል ናችሁ።

ትልቅ እሳት ሲመጣ «እኛም ከዚህ በኩል እንለኩስና ይገናኙ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ እውነት አለው፣ በዓለም ላይ ይሠራበታል። ግን የሠለጠነ ሰው፣ ያለቀ መስመርና የታወቀ ነፋስ ይፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ እምቢ በሉ።

6. የመሸሻ መንገድ ሳይኖር አትሥሩ

በየጊዜው ጠይቁ፦ አሁን ነፋሱ ቢዞር በየት እሄዳለሁ? መልስ ከሌላችሁ ሥራው ይቁም። መሸሻው ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ይሁን እንጂ ወደ ላይ አይሁን። ጎርፍ የበላው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ አትግቡ፤ እሳት ሲደርስ እንደ ጭስ ማውጫ ይስበዋል።

ከሁሉ የሚሻለው መጠጊያ የተቃጠለው መሬት ነው። ጥቁሩ ቦታ ያስፈራል፣ ያጨሳል፣ እግር ይፈጃል። ግን ሁለተኛ አይነድም። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካ ሞንታና ውስጥ ማን ገልች በሚባል ሸለቆ እሳት አጥፊዎች ከታች በሚመጣ እሳት ተያዙ። አለቃቸው ዋግ ዶጅ ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ ለኩሶ አመዱ ላይ ተኛ፣ «ኑ» ብሎ ጠራቸው። አልገባቸውም፣ ዳገቱን ሮጡ። 13 ሰው ሞተ። እሱ ተነሥቶ ሄደ።

የሚሸሽበት ከሌለ ባዶ አፈር ወይም አመድ ፈልጉ። በደረታችሁ ተኙ፣ እግራችሁ ወደ እሳቱ ይሁን፣ ፊታችሁን አፈር ላይ ድፉ፣ ባና ካለ ልበሱ። ነበልባሉ እስኪያልፍ አትነሡ።

7. ከእሳቱ ጋር አድሩ

እዚህ ነው የሚሰለቸው። ነበልባል ጠፍቷል፣ ሰው ደክሟል፣ ሁሉም ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። ያ የኮሶ ጉቶ ግን አለ።

ከዳሩ ጀምራችሁ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ወደ ውስጥ ግቡ። ጉቶ፣ የወደቀ ግንድ፣ የብስባሽ ክምር፣ ባዶ ሆድ ያለው ዛፍ ሁሉ ይታይ። መጀመሪያ የእጃችሁን ጀርባ ቀረብ አድርጉ፣ ሳትነኩ። ሙቀት ካለ ዶማ። አመዱን ግለጡ። እኔ ያኔ በማግስቱ ያየሁት ጉቶ ከላይ ቀዝቃዛ ነበር፣ አመዱም ነጭ። በዶማ ስንፈለፍለው ሥሩ ውስጥ እንደ ምድጃ የቀላ ፍም አለ፣ ከአንድ ክንድ በላይ ጥልቀት ላይ። ሽታው ግን ከላይ ነበር፤ የኮሶ ጭስ መራራ ነው፣ አፍንጫ አይስተውም። ያን ቀን አፍንጫችንን ብናምን ኖሮ።

ውኃ ካለ አፍስሱና አፈሩን አቦኩት፣ እንደ ጭቃ ምርጊት። ውኃ ከሌለ ፍሙን በትኑና ባዶ አፈር ላይ አቀዝቅዙት። አፈር አልብሶ መሄድ አይሆንም፤ አፈር የለበሰ ፍም ለብዙ ቀን ይቆያል። ከሰል አክሳዮቻችን ይህን አሳምረው ያውቃሉ፣ ሥራቸው እሱ ነውና።

ከዚያ ሦስት ቀን በፈረቃ ጠብቁ። በተለይ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ዓይን ይኑር። ከተማ ያለ ኢንተርኔት የያዘ ልጅም ይርዳ፦ የናሳ ፈርምስ የተባለው ድረ ገጽ ሳተላይት ያየውን ሙቀት በነፃ ካርታ ላይ ያሳያል። አንዱ ነጥብ 375 ሜትር ያህል ቦታ ስለሚወክል ጉቶ አያሳይም። በጥቂት ሰዓት ይዘገያል። ግን ከማዶ ሸለቆ የተነሣ አዲስ እሳት ካለ ይናገራል።

ከዚህ በላይ የሆነ እሳት አለ። በየካቲት 1992 ባሌና ቦረና የነደደው ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ በላ፤ በ2011 ስሜን ተራሮች ሲነድ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያ ከእስራኤል መጣ። እሳቱ ዛፍ ካናት ካናት እየዘለለ ከሄደ የዶማ ሥራ አይደለም። ሰው አውርዱ፣ መንደር አድኑ፣ በክልልና በፌዴራል በኩል እርዳታ ይጠየቅ። በጊዜ መጠየቅ ሽንፈት አይደለም።

ማን ለኮሰው የሚለውን ነገር እሳቱ እየነደደ አታንሡ። ማር ቆራጭ ይሁን፣ ከሰል አክሳይ፣ ማሳው ላይ ጋይ ሲያቃጥል ያመለጠው ገበሬ፣ ከዚያ ሸንጎ ላይ ይታያል። እዚያው ዳገት ላይ ጠብ ተነሥቶ ግማሹ ሰው ጥሎ ሲወርድ አይቻለሁ።

በአራተኛው ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዞራችሁ ጭስም ሽታም ካጣችሁ መሣሪያውን ቁጠሩና ለየባለቤቱ መልሱ። እጀታው የተሰበረ መጥረቢያ ካለ ከቀበሌው ጋር ተነጋግራችሁ አስጠግኑለት። አለበለዚያ በሚቀጥለው ደወል ባዶ እጁን ይመጣል።